ፍሪሲዮን የሌለው ቮልስ ዳገት ላይ ማርሽ እንቢ ሲል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዓይነት መኪና ስለሆነ፣ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። መኪናው ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ቮልስ ነው፤ በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ግን ከእግር ሥር የሚያገኙት የነዳጅና የፍሬን ፔዳል ብቻ ነው። የማርሽ ዘንግ አለ፣ የፍሪሲዮን ፔዳል የለም። ፋብሪካው ይህን ከፊል አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በቮልስ ላይ መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቀጥሎበታል። ወደፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ሦስት ናቸው፤ ኤል፣ 1 እና 2 ይባላሉ። እነዚህ መኪኖች ከባለ አራት ማርሹ ቮልስ ጋር ሲነጻጸሩ በከተማችን ጥቂት በመሆናቸው፣ የቮልስን ሞተር በጨለማ ፈትቶ የሚገጥም ባለሙያ እንኳን ይህን ካምቢዮ ሲያይ ያመነታል፤ ያመነታ ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀናው ማውረድና መፍታት ነው። ደብዳቤዎቹም የመጡት ከዚያው ጭንቀት ነው።

ከሱሉልታ

«የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው አዲሱ ገበያ አካባቢ ነው። ከአባቴ የወረስኩት እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት ቮልስ አለኝ። ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ ማርሹ ያለ ምንም ድምፅ ይገባል። ማታ ዳገቱን ስወጣ ግን ከ2 ወደ 1 ልመልስ ስል ይንገራገጫል፣ ይጮኻል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይገባም። ዳር ይዤ ሞተሩን ሳላጠፋ ጥቂት ከቆምኩ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይገባል። ሁለት ጋራዥ አሳይቻለሁ። አንደኛው ካምቢዮው መውረድ አለበት ብሎኛል፤ ሁለተኛው የማርሹ ጥርስ ተበልቷል ብሎኛል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።»

ካምቢዮውን አያስወርዱ፤ ቢያንስ አሁን አያስወርዱ። በደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ ደህና መሆኑና ሞተሩ እየሠራ ቆመው ሲያርፉ መስተካከሉ፣ ችግሩ ከጥርሱ እንዳልሆነ በበቂ ሁኔታ ያሳያሉ። የተበላ ጥርስ ዳገትና ቁልቁለት አይመርጥም፤ እረፍትም አያድነውም። ዳገትን ከቁልቁለት የሚለየው፣ እረፍትም የሚመልሰው ነገር በዚህ መኪና ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቫኪዩም፣ ማለትም ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ባዶነት ነው።

ፔዳሉ የለም እንጂ ፍሪሲዮኑ አለ። ሞተሩና ካምቢዮው ወርደው ቢፈቱ እንደማንኛውም መኪና አንድ ደረቅ የፍሪሲዮን ዲስክ ያገኛሉ፤ በእርሱና በሞተሩ መካከል ደግሞ ኤቲኤፍ በሚባለው የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት የሚሠራ ቶርክ ኮንቨርተር ተቀምጧል። ኮንቨርተሩ መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲቆም ያስችለዋል፤ ዲስኩ ደግሞ ማርሽ በሚለወጥበት ቅጽበት ብቻ ካምቢዮውን ከሞተሩ ይለያል። ድሮ እግር ይሠራው የነበረውን ሥራ እዚህ የሚያስጀምረው እጅ ነው። የማርሹን ዘንግ ገና ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ ያሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ነጥቦች ይገናኛሉ፤ በሞተሩ ክፍል ግራ ጎን ያለው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ላይ የተገጠመው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት) «ጠቅ» ብሎ መንገዱን ይከፍታል፤ ከሞተሩ ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያ ቱቦ) የመጣው ቫኪዩም ሰርቮ ወደሚባለው፣ በውስጡ የጎማ ሽፋን ወዳለው ክብ ቆርቆሮ ያልፍና የፍሪሲዮኑን ክንድ ይስባል። እጅዎን ሲያነሱ ቫኪዩሙ ይለቀቃል፣ ፍሪሲዮኑም ተመልሶ ይይዛል።

እንግዲህ ሞተር ሁልጊዜ እኩል ቫኪዩም አይሰጥም። እግርዎን ከነዳጁ ሲያነሱ የካርቡራተሩ ምላስ ስለሚዘጋ ሞተሩ አየር ተርቦ በኃይል ይስባል፤ ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ቫኪዩም ይትረፈረፋል። ነዳጁን እስከ ወለሉ ሲረግጡ ምላሱ ተከፍቶ አየሩ እንደልቡ ስለሚገባ የሚቀረው ቫኪዩም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ በግራው የኋላ ፓራፋንጎ ሥር ቫኪዩም የሚያጠራቅም ዝግ ቆርቆሮ አስቀምጧል፤ የተጠራቀመው ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዳይጠፋም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይጠብቀዋል። እርስዎ ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ሲወጡ ማርሽ የሚለውጡት ከዚያ ማጠራቀሚያ እየቆጠቡ ነው። አንድ ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ካለ ማጠራቀሚያው ግማሽ መንገድ ላይ ይራቆታል፤ ፍሪሲዮኑ በከፊል ብቻ ይላቀቃል፤ በከፊል የተላቀቀ ፍሪሲዮን ደግሞ ማርሽ ያስጮኻል። ዳር ይዘው ሲቆሙ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እየሠራ ማጠራቀሚያውን ይሞላዋል፤ የሚስተካከለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። ቫኪዩም በራሱ ኃይል የለውም፤ ሰርቮውን የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በመካኒኮች የተለመደው ስሌት ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የቫኪዩም መለኪያው አንድ ኢንች ሜርኩሪ ያህል ዝቅ ይላል የሚል ነው። ስለዚህ አንድ የባሕር ጠረፍ ነዋሪ ዓመታት ሙሉ ሳያስተውለው የሚነዳበት ጥቃቅን የጎማ ስንጥቅ እርስዎን በአንድ ዳገት ያስቆምዎታል። መኪናው ለዚህ ከፍታ ደካማ ነው ማለት አይደለም፤ ለስሕተት የተተወው ትርፍ ግን ጠባብ ነው።

ምርመራውን ለመጀመር የሚያስፈልግዎት ጸጥ ያለ ቦታና ረዳት ነው። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያሠሩትና ያጥፉት። አሁን ቁልፉን እንደገና ይክፈቱ፣ ሞተሪኖውን (ሞተር አስነሺውን) ግን አያዙሩ። ረዳትዎ የማርሹን ዘንግ ሲነካ እርስዎ ከኋላ ሆነው ያዳምጡ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሌለ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየውም ከኢግኒሽን ኮይሉ አጠገብ ለብቻው የተንጠለጠለው ባለ 8 አምፔር ፊውዝ ነው። «ጠቅ» ካለና በግራ በኩል ከካምቢዮው ላይ ያለው የሰርቮ ዘንግ በደንብ ከተሳበ፣ ቁልፉን ዘግተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ይድገሙት። ከአሥር ደቂቃ በኋላም የሚስብ ከሆነ ማጠራቀሚያውና ቱቦዎቹ ጤነኞች ናቸው። በእርስዎ መኪና ላይ ግን፣ ከጻፉት ተነሥቼ ስገምት፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ዘንጉ አይንቀሳቀስም። ቁልፉን ከፍተው ሞተሩ ሳይሠራ ለረጅም ጊዜ አይተዉት፤ ኮይሉን ያቃጥላል።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ከማኒፎልድ ወደ መቆጣጠሪያው ቫልቭ፣ ከቫልቩ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከቫልቩ ወደ ሰርቮው፣ እንዲሁም ከካርቡራተሩ ወደ ቫልቩ የሚመጣ ቀጭን ቱቦ አለ። እነዚህን በዓይን ማየት አይበቃም፤ በሁለት ጣት ይዞ ማጠፍ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ የእርስዎን የመሰለ ቮልስ ይዤ ሦስት ቅዳሜ ለፍቻለሁ። ፋሸታዎቹን አጥብቄያለሁ፣ ፊውዙን ለውጫለሁ፣ ነጥቦቹን አጽድቻለሁ፤ ለውጥ አልነበረም። ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የገጠመው አዲስ ጎማ ስለነበር አልጠረጠርኩትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ ከሥር ተኝቼ፣ አንድ ጓደኛዬ ዘንጉን ሲነካ ቱቦውን በመብራት ተመለከትኩት። በነካው ቁጥር ጎማው እንደ ባዶ ከረጢት ጠፍጣፋ ይሆን ነበር። ለውኃ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይይዛል፣ ሲሞቅ ግን ቫኪዩሙ ራሱ ግድግዳውን ያጣብቀውና መንገዱን ይዘጋዋል። በምትኩ ለፍሬን ቫኪዩም የሚሠራውን፣ ውስጡ ክር ያለውን ወፍራም ቱቦ ገጠምኩ፤ ማርሹ ወዲያው ታዘዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ መኪና ላይ «አዲስ ነው» የሚለውን ምስክርነት አልቀበልም። ሶማሌ ተራ ሲሄዱ ለፍሬን የሚሆነውን በስሙ ይጠይቁ፤ ቀዳዳው ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ የውኃ ጎማ አይቀበሉ።

ቱቦዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ማጠራቀሚያው ይሂዱ። የሱሉልታ ጭቃ ፓራፋንጎ ሥር ተጋግሮ ስለሚቀመጥ ቆርቆሮው ከላይ ቀለም እያለው ከኋላው ዝጎ ሊበሳ ይችላል። አውልቀው ያጥቡት፤ አንዱን አፍ ደፍነው በሌላው በኩል በንጹሕ ቱቦ በአፍዎ ይሳቡና ቱቦውን በምላስዎ ይድፈኑት፤ ምላስዎን ይዞ ከቆየ ጤነኛ ነው። ሰርቮውም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል፤ ሲስቡት ዘንጉ ገብቶ መቆየት አለበት፣ ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ የውስጡ ጎማ ተቀዷል። ሞተሩ እየሠራ ቀዳዳ ለመፈለግ ብለው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቤንዚን የሚያንጠባጥቡ ባለሙያዎች አይቻለሁ። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ጠባብና የሚግል ክፍል ውስጥ የታፈነ ሞተር ነው፤ ይህን በመኪናዎ ላይ እንዳይፈቅዱ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በምትኩ ቱቦዎቹን በየተራ በጣት ቆንጥጠው ሲይዙ የሚኒሞው ድምፅ የሚለወጥበትን ያዳምጡ። ቀዳዳው ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ አሁንም የሚጮኽ ከሆነ ቀጣዩ የፍሪሲዮኑ ማስተካከያ ነው። የሰርቮውን ቱቦ ነቅለው፣ ሰርቮው ከታሰረበት ብረት እስከ ዘንጉ ማስተካከያ ድረስ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ የዲስኩ ልብስ በማለቁ ዘንጉ መስተካከል አለበት ማለት ነው። ማቆሚያውን ዳዶ አላልተው ማስተካከያውን ከዳዶው ያርቁት፤ በሁለቱ መካከል 6.5 ሚሊሜትር ያህል ሲከፈት ዳዶውን መልሰው ያጠብቁ። በትክክል መስተካከሉ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ አይንሸራተትም፣ የኋላ ማርሽም ያለ ድምፅ ይገባል። የፍሪሲዮኑ ክንድ ከካምቢዮው አካል ጋር እስኪነካካ ድረስ ከሄደ ማስተካከያው አልቋል፤ ያን ጊዜ ዲስኩን መለወጥ ግድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩም ካምቢዮውም መውረድ አለባቸው።

እስከዚያው ድረስ ሲነዱ ዳገቱ ከመክበዱ አስቀድመው ወደ 1 ይመልሱ፤ ማርሽ ሲለውጡም እግርዎን ከነዳጁ ለአፍታ ፈጽመው ያንሡ። ይህች አፍታ ለማጠራቀሚያው ትንሽ ጉርሻ ናት። ዳገቱን በ2 እያቃሰተ እንዲወጣ ማድረግ ኮንቨርተሩን በከንቱ ያሽከረክረዋል፣ ኤቲኤፉንም ያግለዋል። ሞተሩ ራሱ ደካማ ከሆነም ቫኪዩም አይኖርም፤ ስለዚህ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ 0.15 ሚሊሜትር መሆኑን አብረው ያስፈትሹ።

ከለገጣፎ

«ጥሩ መንገድ ላይ ምንም ችግር የለውም። ወደ ሰፈራችን የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ስደርስ ግን ሞተሩ በድንገት ይጮኻል፣ መኪናው ይፈዛል፤ ወዲያው ደግሞ በግንባሬ እስክደፋ ድረስ ይይዛል። ፍሪሲዮኑ አልቋል ተብዬ ዲስክ አስለውጫለሁ፤ ምንም ለውጥ አላገኘሁም።»

ወጪው ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የገለጹት ነገር ከዲስክ ጋር ግንኙነት የለውም። ዲስኩ ቢያልቅ ኖሮ መንሸራተቱ ዳገት ላይ እንጂ ኮረኮንች ላይ አይበረታም ነበር። የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ መንገዱ መኪናውን ሲያናውጥ የማርሹ ዘንግ ይወዛወዛል፣ ከሥሩ ያሉት የኤሌክትሪክ ነጥቦች ይነካካሉ፣ ቫልቩ እጅዎ የነካው ይመስለውና ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። የነጥቦቹ ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ የመንገዱ ንቅናቄ ብቻውን ያገናኛቸዋል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ በተቃራኒው እጅዎ እየገፋም ሳይገናኙ ማርሹ ሊጮኽ ይችላል። የዘንጉን መሸፈኛ ጎማ አንሥተው ነጥቦቹን ያጽዱ፣ ቅባትና አቧራ ካለ ይጥረጉ፣ ክፍተቱንም በመለኪያ ቅጠል ያስተካክሉ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ያስተውሉ። በመጀመሪያው እጀታ ምትክ ከባድ የብረት ወይም የድንጋይ እጀታ ተገጥሞ ከሆነ ክብደቱ ራሱ ዘንጉን ያወዛውዘዋል፤ ያውጡት። እንዲሁም ብዙዎቻችን ከልማድ የተነሣ ቀኝ እጃችንን ማርሽ ላይ አሳርፈን እንነዳለን። በዚህ መኪና ላይ ያረፈ እጅ ማለት ሁልጊዜ በግማሽ የተረገጠ ፍሪሲዮን ማለት ነው። አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያስቀምጡ ነበር፤ መኪናው ዘንቢሉ በተጠጋው ቁጥር «አልያዘም» እያለ ልጃቸውን ሲያስጨንቀው የቆየው ለዚሁ ነበር።

ፍሪሲዮኑ ተመልሶ ሲይዝ በግንባርዎ እስኪደፉ ድረስ መሆኑን ስለጻፉ አንድ ነገር ልጨምር። መልሶ የሚይዝበትን ፍጥነት የሚወስነው በመቆጣጠሪያው ቫልቭ ላይ ከክዳን ሥር ያለ አንድ ቡሎን ነው። ነጥቦቹ ከተስተካከሉ በኋላም እየነጠቀ የሚይዝ ከሆነ፣ ቡሎኑ አሁን ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉና በካቻቢቴ ሩብ ዙር ብቻ አዙረው ይንዱት፤ ከባሰበት ወደ ሌላው አቅጣጫ ይመልሱት። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ከ2 ወደ 1 ሲመልሱ አንድ ሰከንድ ያህል ወስዶ በለስላሳው ከያዘ ተስተካክሏል። ይህን ሙከራ የሚያደርጉት መንገዱ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

ከአቃቂ ቃሊቲ

«በየሁለት ሳምንቱ ኤቲኤፍ እጨምራለሁ። ከሥር ምንም የፈሰሰ ዘይት አላይም። መኪናው ደግሞ ሰሞኑን ነጭ ጭስ ጀምሯል። መካኒኬ ፒስተን ነው ይላል።»

ፒስተኑን ከመክሰስዎ በፊት የሞተሩን ዘይት መለኪያ ያውጡና ይመልከቱ። ሳይጨምሩለት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ወደ ቀይ ያደላ መልክ ይዞ ካገኙት የጠፋው ኤቲኤፍ የት እንደገባ አገኙ ማለት ነው። በዚህ ቮልስ ላይ የሞተሩ ዘይት ፓምፕና የኤቲኤፉ ፓምፕ በአንድ ዘንግ የሚዞሩ መንታዎች ናቸው፤ ከሞተሩ ጀርባ ከቺንጊያው መዘውር ሥር ይገኛሉ። ሁለቱን ዘይቶች የሚለየው አንድ ትንሽ ፓራኦሊዮ፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክል ቀለበት ነው። እርሱ ሲደርቅ ወይም ሲቆረጥ ኤቲኤፉ ወደ ሞተሩ ያልፋል፤ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎም ይቃጠላል። ከሥር ምንም ሳይፈስ የሚጠፋው፣ ጭሱም የሚመጣው በዚህ ነው።

ይህን እያዩ መንዳት አይገባም። ጭሱ ይታገሱታል፤ የቀጠነው የሞተር ዘይት ግን የክራንኩን ኩሽኔታዎች ሳያስጠነቅቅ ይበላቸዋል፤ ያን ጊዜ ወጪው የአንድ ፓራኦሊዮ አይሆንም። ፓራኦሊዮው ይለወጥ፣ የፓምፑ ፊትና ዘንግ ተቦርቡረው እንደሆነ ይታይ፣ ከዚያም የሞተሩ ዘይት ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ኤቲኤፉ የሚቀመጠው በቀኙ የኋላ ፓራፋንጎ ሥር ባለው ታንክ ሲሆን የሚሞላውና የሚለካው ከሞተሩ ክፍል ቀኝ ጎን ነው፤ የሚጨመረውም ዴክስሮን የሚባለው ዓይነት ነው። ካምቢዮው ራሱ ግን ከኤቲኤፍ ጋር አይገናኝም፤ የሚጠጣው እንደ ማንኛውም ቮልስ ካምቢዮ 90 ቁጥር ዘይት ነው። «አውቶማቲክ ስለሆነ» ተብሎ ካምቢዮው ውስጥ ኤቲኤፍ የተሞላበት መኪና ስላየሁ ይህን ለይቼ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ፓራኦሊዮው ተለውጦም ኤቲኤፉ መጉደሉን ከቀጠለ፣ በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር እርጥበት ይፈልጉ። እዚያ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያለቀው የኮንቨርተሩ ፓራኦሊዮ ነው፤ ዘይቱ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ሳያርሰው ቶሎ መድረስ ያስፈልጋል።

ከሰበታ

«አባቴ በግራ ጉልበታቸው ሕመም ምክንያት ፍሪሲዮን መርገጥ ካቆሙ ቆይተዋል። የሚነዱት ይህችን ቮልስ ብቻ ነው። አሁን ማርሹ አልታዘዝ ስላላቸው ጋራዡ ወደ ባለ አራት ማርሽ ቀይረን እንገላግልዎት እያላቸው ነው። መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

አይቀይሯት። ጋራዡ ስለ መለዋወጫው የተናገረው እውነት ነው፤ የባለ አራት ማርሹ ዕቃ ሶማሌ ተራ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ የዚህኛው ግን ፍለጋ ይጠይቃል። ሆኖም መቀየር ማለት ካምቢዮ አንሥቶ ካምቢዮ መተካት ብቻ አይደለም። ኮንቨርተሩ ወጥቶ በምትኩ ፍላይዊል ከነፍሪሲዮኑ ይገባል፤ የፔዳሉ ስብስብ ይለወጣል፤ የፍሪሲዮን ገመድ ከፊት እስከ ኋላ መዘርጋት አለበት፤ የኤቲኤፉ ፓምፕ በተራ ፓምፕ ይተካል። ከዚህም በላይ ይህ ዓይነቱ ቮልስ የኋላ እግሮቹ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መጋጠሚያ ባላቸው ዘንጎች የሚሽከረከሩ ስለሆነ፣ ከድሮው ባለ አንድ መጋጠሚያ ቮልስ የተነቀለ ካምቢዮ አይገጥምለትም። ይህን ሁሉ ከፍለው ሲጨርሱ አባትዎ የሚረከቡት የማይነዱትን መኪና ነው።

ይህ ካምቢዮ ለእርሳቸው ጉልበት የተሠራ ያህል ነው፤ እንደ እኔ አመለካከት ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር በአንድ የጎማ ቱቦ ምክንያት ተነቅሎ መጣል የለበትም። ለሱሉልታው አንባቢ የጻፍኩትን ቅደም ተከተል ለመካኒኩ አንብቡለት፤ ፊውዝ፣ ነጥቦቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ማጠራቀሚያው፣ ሰርቮው፣ የ4 ሚሊሜትሩ ክፍተት። ሁሉም መኪናው ላይ እንዳለ የሚታዩ ናቸው። መካኒኩ ይህን መኪና አላውቀውም ካለ አይቆጡት፤ ይልቁንም ሰርቮውና ቫልቩ ያሉበትን አብራችሁ ፈልጉ። አንድ ጊዜ የገባው ባለሙያ ሁለተኛ አይረሳውም። ሰርቮው ተቀድዶ ቢገኝና ወዲያው መለዋወጫ ቢጠፋ፣ ሳይሠራ የቆመ ተመሳሳይ መኪና ካለው ሰው ላይ ሰርቮውን፣ መቆጣጠሪያውን ቫልቭና ማጠራቀሚያውን አንድ ላይ መግዛት ይበልጣል፤ ሦስቱም ውለው አድረው ተራ በተራ መጠየቃቸው አይቀርም።

ከቡራዩ

«ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ሌሎች መኪኖችን አጥፍቼ ማርሽ ውስጥ እተዋቸዋለሁ። ይህችን ቮልስ በ1 ትቻት ገብቼ ስመለስ ግን ሁለት ሜትር ያህል ወርዳ አገኘኋት። ማርሹ ሾልኮ ይሆን?»

ማርሹ አልሾለከም። ሞተሩ ሲጠፋ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሞተሩንና ካምቢዮውን አጥብቆ አያያይዛቸውም፤ ስለዚህ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ብትሆንም ቁልቁል ቀስ እያለች ትሄዳለች። በኋለኞቹ ዓመታት ከተሠሩት አንዳንዶቹ «ፒ» የሚል የማቆሚያ ቦታ አላቸው፤ የእርስዎ ከሌላት ያለዎት መያዣ የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። የእጅ ፍሬኑን ገመዶች ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል እስኪይዙ ድረስ ያስጠብቁ፤ የፊት ጎማዎቹን ወደ ጠርዙ አዙረው ያቁሙ፤ እስኪስተካከል ድረስም ከጎማው ሥር ድንጋይ ማስደገፍዎን አይርሱ። ጠዋት ሲያስነሡ ዘንጉን ወደ ኒውትራል ይመልሱት፤ ማርሽ ውስጥ ሳለ ሞተሪኖው እንዳይዞር ፋብሪካው ስለቆለፈው፣ ቁልፉን ቢያዞሩ ምንም ድምፅ አይሰሙም፤ ባትሪውም የሞተ ይመስልዎታል።